ፊደል የሌላት አዎ

«በቁሜ አልወርድም አልኩሽ! ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

«እኔ መቼ ውረድ አልኩህ? ልጅህን አይተሃት ተመለስ ነው ያልኩህ።»

«እሷ ያለችው ግርጌ አይደለም እንዴ? ሳልወርድ በምን ልያት፣ በመነጽር?»

«በመነጽርም ብታያት አንድ ነገር ነበር። ከሄደች ወዲህ ስሟን እንኳን ጠርተህ ታውቃለህ?»

«የግርጌው ሰውዬ የላካቸውን ሽማግሌዎች ከበር ስመልስ ገብቷታል ብዬ ነበር። እሷ ግን ሄደች። የሄደ ይሂድ!»

«ያን ቀን ሽማግሌዎቹን ብቻ መሰለህ የመለስከው? ልጄንም ነው የመለስካት።»

ከጣሪያው በኩል ለስላሳ የሴት ድምፅ «ደህና ነዎት?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ ደህና ነኝ! እሷን ዝም አሰኙልኝ እንጂ!»

አቶ ድልነሳሁ ይህን ሁሉ የሚናገሩት ዳገት እየወጡ ነበር። ከእግራቸው ሥር ያለው ሰፊ የጎማ ምንጣፍ አቀበት ሆኖ ቀና ብሏል፤ እሳቸው ወደ ፊት በተራመዱ ቁጥር ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ደረታቸው ላይ እንደ ቴምብር የሳሱ ማዳመጫዎች ተለጥፈዋል። ሚስታቸው ወይዘሮ አስካለ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው፣ የባላቸውን ፎጣ ጭናቸው ላይ ይዘው፣ አንድም ቃል ሳያሳልፉ መልስ ይሰጣሉ። በሁለቱ መካከል አየር ላይ፣ ከብርሃን የተሠራ ልብ ተንሳፍፎ ይመታ ነበር።

የክፍሉ መርማሪ ሐረገወይን ጣልቃ አልገባችም። ጠብ የሥራዋ አካል ነበር።

ራስጌ የተባለችው ከተማ የተቆረቆረችው፣ ቆላው ከሙቀቱ የተነሳ መኖሪያ አልሆን ሲል፣ ተራራ አናት ላይ ነው። እዚያ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ አየሩ ግን ስስ ነው። ስለዚህ ልቡን የታመመ ሰው ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ እዚህ ክፍል እየመጣ፣ ልቡ ከፍታውን መሸከም መቻሉን ያስመረምራል። መሣሪያው ዳገት ይባላል። የቻለ ሰው ሰሌዳው ላይ በአረንጓዴ «ይቆዩ» የሚል ይወጣለታል። ያልቻለው በቀይ «ይውረዱ» ይባልና በገመድ ባቡር ተራራው ሥር ወዳለችው ወደ ግርጌ ይላካል። የግርጌ አየር ወፍራም ስለሆነ ለልብ ይስማማል፤ ሙቀቱ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰው ከቤቱ አያስወጣም። ሕጉ የወጣው ለበሽተኞቹ ታስቦ ነው። ይሁንና ሐረገወይን ከግርጌ የተመለሰ በሽተኛ አይታ አታውቅም።

ዳገት የልብን ምት ብቻ አይለካም። ሰው ሽቅብ እየወጣ ሲያወራ በአንድ ትንፋሽ ስንት ቃል እንደሚያወጣም ያዳምጣል። ቃሉ ከተቆራረጠ፣ በየመሀሉ አየር መጎተት ከጀመረ፣ ልቡ ደክሟል ማለት ነው። ምንጣፉ ራሱን የሚያቆመውም፣ ሰሌዳው የሚወስነውም በዚሁ ምልክት ነው። ሰው ከማያውቀው ጋር ሲያወራ ስለሚቆጠብ፣ በሽተኛው የሚያዋራውን ሰው ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ለዚያ የተዘጋጀው መቀመጫ የወሬ ወንበር ይባላል። በዚህ ወንበር ምክንያት ሐረገወይን የከተማውን ሠርግና ፍቺ ከጎረቤት ቀድማ ትሰማለች።

ሰሌዳው አረንጓዴ ሆነ። ይቆዩ።

«አየሽ!» አሉ አቶ ድልነሳሁ፣ ከምንጣፉ እየወረዱ።

«በጩኸት ነው ያለፍከው» አሉ ወይዘሮ አስካለ፤ ተነሥተው ግን አንገታቸውን በፎጣው ጠረጉላቸው።

ሐረገወይን አየር ላይ ያለውን ልብ ጠጋ ብላ አየችው። ይህ ብርሃን ምስለ ልብ ይባላል፤ ደረት ውስጥ ያለው ልብ የሚያደርገውን ሁሉ እየተከተለ ያደርጋል። ደም በደንብ የደረሰው ቦታ ይቀላል፤ ደም ያጠረው አመድማ ይሆናል። የአቶ ድልነሳሁ ልብ ከወደ ታች ጥፍር የምታህል አመድማ ቦታ ነበረችው።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ትንሽ አመድ የመሰለች ነገር አለች። መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ።»

«በዚህ ዕድሜ አመድ ያልሆነ ምን አለ ልጄ?» ብለው ኮታቸውን አነሡ። ባልና ሚስቱ ኮሪደሩ ላይም ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው ይሰማ ነበር።

ከእሳቸው ቀጥለው የገቡት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ፤ መምህር ይርዳው ይባላሉ። የወሬ ወንበሩ ላይ የልጅ ልጃቸው ሶስና ተቀመጠች። የጎረቤታቸው ወለል መጥረጊያ ማሽን ቤት እየተሳሳተ ወደ እነሱ እንደሚመጣ፣ ሳሎኑን ጠርጎ ጠርጎ ምንጣፍ ላይ እንደሚተኛ፣ ጎረቤትየዋም «አባብላችሁ ወሰዳችሁብኝ» ብላ እንደምትከስ መተረክ ጀመረች። መምህር ይርዳው ፈገግ ብለው፣ ቀስ ብለው እየተራመዱ ያዳምጣሉ። ልጅቷ ባረፈች ቁጥር አየር በአጭሩ ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ። እሷም ትቀጥላለች።

ምንጣፉ ድንገት ቆመ። ሰሌዳው ቀላ። ይውረዱ።

ምስለ ልቡ ግን ከላይ እስከ ታች ደማቅ ቀይ ነበር።

«ምን ማለት ነው?» አለች ሶስና ከወንበሩ ብድግ ብላ። «አያቴ ምንም አልሆነም እኮ! እያዳመጠኝ ነው!»

ሐረገወይን ሁለቱን ከሸኘች በኋላ የተቀዳውን ድምፅ መልሳ ከፈተችው። መሣሪያው ትንፋሽ አጠረ ብሎ የመዘገበባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ሰማች። ሶስና ትናገራለች፤ ታርፋለች፤ ሳብ። ትናገራለች፤ ታርፋለች፤ ሳብ። ከዚያ በኋላ «እያዳመጠኝ ነው» ያለችው የልጅቷ ቃል ትርጉሙ ገባት።

አገሩ ሁሉ የሚላት፣ ማንም ግን ጽፏት የማያውቅ አዎ ነበረች። አፍ ከፈት ይላል፣ አየር ወደ ውስጥ ሳብ ይደረጋል፣ በቃ። ገብቶኛል፣ ልክ ነሽ፣ ቀጥዪ፣ ሁሉም እሷ ውስጥ አለ። ፊደል ስለሌላት ልጆች ትምህርት ቤት አይማሯትም፤ ከእናታቸው አፍ ያገኟታል። መሣሪያው የተሠራው ደግሞ ሰዎች አዎን ወደ ውጭ ብቻ በሚሉበት አገር ነው። እዚያ እንዲህ አየር የሚስብ ሰው የታነቀ ሰው ነው።

ሐረገወይን የቆዩ ቅጂዎችን መክፈት ጀመረች። የምትፈራውን አገኘች። ሲጨቃጨቁ፣ ሲሳደቡ፣ አላምንም ሲሉ የነበሩት አብዛኞቹ ራስጌ ናቸው። የሚስታቸውን ወሬ በጸጥታ ሲሰሙ የነበሩት፣ ልጃቸው ሲያማክራቸው አዎ ሲሉ የነበሩት፣ ወርደዋል።

የተቋሙ ኃላፊ ዶክተር ሱራፌል ሻይ እየጠጡ ሰሟት።

«እንግዲህ ትንፋሽ ያጠረውንና አዎ የሚለውን አይለይም ነው የምትዪኝ?»

«አይለይም ዶክተር። የእኛ ሰው ሲያዳምጥ እንዲህ ያደርጋል አይደል?»

ዶክተሩ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ።

«ይኸው! አሁን ምን አደረጉ? ዳገት ላይ ቢሆኑ ወርደው ነበር።»

ዶክተር ሱራፌል ሻዩ ትን እስኪላቸው ሳቁ። ሐረገወይንም ሳቀች።

«ለሠሪዎቹ ዛሬውኑ እጽፋለሁ። ጎበዝ ነሽ፣ ሐረግ። ይስተካከላል።»

«የወረዱትስ?»

«ቤታቸው እኮ ሌላ ሰው ገብቶበታል።»

«መምህር ይርዳው ግን ገና አልወረዱም። አሁን ቤታቸው ናቸው።»

ዶክተሩ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሲጨነቁ የጆሯቸውን ጫፍ የሚያሹ ሰው ናቸው፤ አሁንም አሹት። «ውሳኔው ወጥቷል። የእሳቸውን ብሽር የእነዚያ ሁሉ ቤተሰብ ነገ እዚህ ደጃፍ ላይ ነው። ለማንኛቸው ምን እመልሳለሁ? ሞተዋል እኮ አንዳንዶቹ። ተሳስተን ነበር ልበል?»

«አዎ ይበሉ።»

«አንቺ ወጣት ነሽ» አሉ ዶክተር ሱራፌል።

ሐረገወይን ራሷ ሄዳ ለመምህር ይርዳው ነገረቻቸው። መጽሐፎቻቸውን ካርቶን ውስጥ እየከተቱ ነበር።

«መምህር፣ ልብዎ ደህና ነው። የተሳሳተው መሣሪያው ነው። ውሳኔው ግን አልተነሣም። ይወርዳሉ። እኔ… ገባዎት?»

መምህር ይርዳው ቀና ብለው አዩዋት። አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ።

የግርጌ ሙቀት እስከ ቀጣዩ ፋሲካ አላደረሳቸውም።

እርማቱ ክረምቱ ሳይወጣ መጣ። ሠሪዎቹ የአገሩን ሰው አዎ ለመሣሪያው የሚያስተምር ሰው ፈለጉ፤ ዶክተሩ ሐረገወይንን መደቧት። ለሳምንታት ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቅጂዎቹን ሰማች። ይቺ አዎ ናት። ይቺም አዎ ናት። ሰው ተናግሮ ሲያርፍ፣ ወይም ጥያቄ ሲጠየቅ፣ የሌላው ትንፋሽ በአጭሩ ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ አዎ ናት። መሣሪያው ጎበዝ ተማሪ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ላይ አረንጓዴ በዛ፤ በየስብሰባው «የአዎ እርማት» እየተባለ ተመሰገነ። ሐረገወይንም መምህር ይርዳውን ያሰበች ቀን፣ ቢያንስ ከእርማቱ በኋላ አንድም አዳማጭ አልወረደም እያለች ራሷን ታጽናናለች።

በዓመቱ አቶ ድልነሳሁና ወይዘሮ አስካለ ተመልሰው መጡ። ሐረገወይን በሩ ሳይከፈት ጩኸት ጠብቃ ነበር። ምንም አልተሰማም። ባልየው የሚስታቸውን ቦርሳ ይዘውላቸው ገቡ።

«ልጃችን ወልዳለች» አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ ገና ሳይቀመጡ። «ሴት ልጅ። ጥሩወርቅ ብላታለች፤ በእሱ፣ በድልነሳሁ እናት ስም! ጥላሁን ብላ፣ ሸዋረገድ ብላ መጥራት ትችል ነበር። ጥሩወርቅ አለቻት።»

«ጥላሁን የወንድ ስም ነው» አሉ አቶ ድልነሳሁ በቀስታ።

«ታዲያ ለምሳሌ ነው ያልኩት! እንግዲህ ለክርስትናው እንወርዳለን። ደርሶ መልስ እንዲፈቀድለት ይሄን ማለፍ አለበት። አይደል የኔ ልጅ?»

«እንዲያ ነው፣ እማማ» አለች ሐረገወይን። «ይቆዩ ካለ የመመለሻ ፈቃዱ እዚያው ይሰጥዎታል።»

አቶ ድልነሳሁ ኮታቸውን አወለቁ። ከአምናው ሳሳ ብለዋል። «ክርስትናውን ሳላይማ አልቀርም» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። «ጥሩወርቅ ከተባለች በኋላ።»

ምንጣፉ ቀና አለ። ወይዘሮ አስካለ ወንበሩ ላይ ወደ ፊት ሰብሰብ ብለው፣ ከልጃቸው ከምንትዋብ የሰሙትን ሁሉ መናገር ጀመሩ። ሕፃኗ ገና ጥርስ ሳታወጣ ቁጣ እንዳወጣች። ጡት ሲዘገይባት ግንባሯን እንደምትቋጥር፣ ያም ግንባር የማን እንደሆነ ጠያቂ ሁሉ እንደሚያውቅ። አቶ ድልነሳሁ ፈገግ አሉ። አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። በሐረገወይን ፊት ያለው፣ መሣሪያው የሰማውን የሚያሳየው መስታወት ላይ «አዎ» የሚል ቃል ብልጭ አለ።

«አባቷም ደህና ሰው ነው ትላለች። በዚያ ሙቀት ሕፃኗን እያራገበ ነው የሚያስተኛት። ይቅርታ ትለዋለህ አይደል?»

ሳብ። አዎ።

«በሽማግሌዎቹ ፊት?»

ሳብ። አዎ።

ወይዘሮ አስካለ ወደ ሐረገወይን ዞሩ፤ ዓይናቸው እንባ ቋጥሯል። «ሰማሽ የኔ ልጅ? ሠላሳ ዓመት እንቢ ሲለኝ የኖረው ሰውዬ! ዛሬ አዎ ብቻ ሆነልኝ!»

ሐረገወይን ሳቀች። ዓይኗ ምስለ ልቡ ላይ መሆን ነበረበት፤ እሷ ግን ባልና ሚስቱን ነበር የምታየው። መስታወቱ ላይ አዎ፣ አዎ እያለ በሚወጣው ቃል አንድ ነገር የተካሰች መሰላት። መምህር ይርዳው እንኳ ትዝ አሏት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያሳፍሯት።

«ደህና ነዎት?» አለ የጣሪያው ድምፅ።

ሳብ።

«አዎ» ብሎ መዘገበ።

ምንጣፉ ይበልጥ ቀና አለ። ወይዘሮ አስካለ የጉዞውን ስንቅ መዘርዘር ያዙ። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ለአራሷ ቅቤ። ከዚያ ለነገር ያህል፣ ባላቸውን ትንሽ ሊያበሽቁ ፈለጉ፤ ሳይበሽቁ የዋሉበት ቀን ስላልለመደባቸው። «ለባሏ ደግሞ ጋቢ እንውሰድለት። ወፍራም ጋቢ። ምን ትላለህ?»

ሳብ።

የወይዘሮ አስካለ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ።

«በዚያ ሙቀት ጋቢ? ድልነሳሁ፣ አብደሻል አትለኝም?»

ሳብ።

«ስደበኝ እንጂ! ድልነሳሁ!»

ሐረገወይን ቀና አለች። ምስለ ልቡ ከታች እስከ አናቱ አመድ ሆኗል። የማቆሚያውን ቁልፍ በመዳፏ መታችው፤ ምንጣፉ ተንሸራቶ ሲቆም አቶ ድልነሳሁ በጉልበታቸው ወረዱ፤ ከዚያም በጎናቸው። አፋቸው ተከፍቶ ነበር። አንድ ጊዜ ሳቡ። ሐረገወይን ሰው ተጣርታ ደረታቸውን መጫን ጀመረች፤ የመጡትም እየተቀባበሉ ተጫኑ። ከራሳቸው በላይ የብርሃኑ ልብ ከእጃቸው ጋር አብሮ ጨበጥ፣ ለቀቅ ሲል ቆየ። እጃቸውን ሲያነሡ ቆመ።

ወይዘሮ አስካለ አልጮኹም። ፎጣውን ይዘው ወለሉ ላይ ተቀምጠው የባላቸውን አንገት ይጠርጉ ነበር።

ማንም ወደ ሰሌዳው አላየም። እዚያ ላይ በአረንጓዴ «ይቆዩ» የሚል ወጥቶ ነበር።

ዶክተር ሱራፌል መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። «ጠይቋቸዋል» አሉ። «በየእርከኑ ደህና ነዎት ብሎ ጠይቋቸዋል። በየእርከኑ አዎ ብለዋል።»

«አየር እየፈለጉ ነበር።»

«አንቺስ እዚያው ቆመሽ ምን ሰማሽ?»

ሐረገወይንም አዎ ነበር የሰማችው። ለመሣሪያው ያስተማረችው የምታውቀውን ነው፤ የምታውቀውንም ያገኘችው ከእናቷ አፍ ነው። መሣሪያው እንግዳ ሳለ የተስማማውን ሰው ታንቋል ይል ነበር። የአገር ልጅ ሲሆን ደግሞ የታነቀውን ተስማምቷል አለ። ዶክተሩ የጆሯቸውን ጫፍ እያሹ «እና አሁን በየት በኩል እንመልሰው?» ብለው ጠየቋት። የምር ነበር የጠየቋት።

ራስጌ ዐለት ላይ ስለተሠራች መቃብር የላትም፤ ሙታኗ በገመድ ባቡር ወደ ግርጌ ይወርዳሉ። ሐረገወይን የወይዘሮ አስካለን ቦርሳ ተሸክማ እስከ ጣቢያው ሄደች። ቅቤውና በሶው ውስጡ ነበር። ሣጥኑ በዕቃ በኩል ሲገባ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው አዩ።

«ብንጣላ ኖሮ ይቆይ ነበር» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

ሐረገወይን ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። እሳቸው ግን ቦርሳቸውን ከእጇ ተቀብለው ወደ በሩ ሄደው ነበር።

በሩ ላይ ያለው ሠራተኛ ቀና ሳይል «ተመላሽ ነዎት እናቴ?» አለ።

ወይዘሮ አስካለ ሣጥኑ የገባበትን በኩል አዩ። አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

«እሺ» አለ ሠራተኛው፤ እጃቸው ላይ አረንጓዴውን የተመላሽ ክር አሠረላቸውና ወደ ቀጣዩ ዞረ።

ባቡሩ ገመዱ ላይ ተንሸራቶ ጭጋጉ ውስጥ ገባ። ሰልፉ ላይ ሁለት ሰዎች ስለ መስኮት ወንበር ይጨቃጨቁ ነበር፤ የቀሩትም እነሱን ያዩ ነበር።